በቀዩ ሽቦ በኩል

እስቲ ወዲህ ጠጋ በሉ። ዝናቡ እስኪያባራ የትም አትሄዱም፤ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ባጃጁም በዚህ ሰዓት ዋጋውን እጥፍ ያደርጋል። እዚያች አግዳሚ ላይ ቦታ አለ። አንተም ያንን ስልክህን ኪስህ ክተተውና ጆሮህን አውሰኝ። የምነግራችሁ የትልቅ ሰው ታሪክ አይደለም። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ ሲወረድ በቀኝ በኩል አራት የቆርቆሮ ክፍሎች አሉ፤ በሦስተኛዋ ውስጥ ስለምትሠራ አንዲት ሴት ነው። ነገሩም በአንድ ቀን ተጀምሮ በአንድ ቀን ያለቀ ነው፣ በሐሙስ ቀን።

ሴትዮዋ አጸደ ትባላለች፤ የሠፈሩ ሰው እትዬ አጸደ ይላታል። ሥራዋ በስልክና በፍላሽ የመጣን ቪዲዮ ሲዲ ላይ መገልበጥ ነው። ድሮ ድሮ በከተማው አምስት ስድስት ቪዲዮ ቤት ነበር፤ አሁን ግማሹ ስልክ ጥገና ሆኗል፣ ግማሹ ፎቶ ኮፒ። እሷ ብቻ ቀረች። «ዛሬ ማን ሲዲ ያያል?» ትሉኝ ይሆናል። ከከተማ ትንሽ ወጣ በሉ፤ በሸኮም በኩል በቴፒም በኩል ቡናው መሃል ባሉት ቤቶች፣ ከሶላር ጋር የተገዛች ትንሽ ቲቪና አንድ አሮጌ ሲዲ ማጫወቻ ዴክ ዛሬም አሉ። ስልክ የአንድ ሰው ነው፣ ቲቪ ግን የቤት ነው። የልጁን ምርቃት፣ የእህቱን ሠርግ፣ የሞተበትን ሰው ምስል ከጎረቤት ጋር ሰብሰብ ብሎ ማየት የሚፈልግ ሁሉ፣ ፍላሹን በመሐረብ ቋጥሮ ወደ እትዬ አጸደ ይመጣል። ሁለት መቶ ብር ታስከፍላለች። ባዶው ሲዲ ራሱ ከጅማ ተፈልጎ ሲመጣ አንዱ ሰባ ብር ገብቷል፤ እሱም ሲገኝ ነው።

ክፍሏ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። በአንድ በኩል ልባሱ የወየበ የሠርግ ሲዲ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ ባለቤቶቹ ሳይወስዱት የቀሩ ነው፤ አንዳንዶቹ ከተፋቱም ቆይተዋል። በሌላው በኩል ኮምፒውተሩ አለ፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ የሚያጓራ። ከበሩ ትይዩ ደግሞ የተሠራው ሲዲ የሚሞከርበት ዴክና ቲቪ። እሷ ሳትሞክር ሲዲ አትሰጥም። ግድግዳው ከክረምት እስከ ክረምት እርጥብ ነው፤ ጉልበቷም እንደ ግድግዳው ብርድ ገብቶበታል። ከሁሉ ይልቅ ግን የደከማት ጆሮዋ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ዘፈን፣ የሰው እልልታ፣ የሰው ጭብጨባ ሰምታ ሰምታ ድምፅ ሰለቻት። ስለዚህ የኮምፒውተሩን ድምፅ ማጉያ አጥፍታ ነው የምትሠራው። ምስሉን ታያለች፣ ልክ ልኩን ትቆርጣለች፣ በላዩ ዘፈን ታስገባለች፣ ትገለብጣለች። ይኸው ነው።

የዚያን ሐሙስ ጠዋት በሯን ከፍታ ጭቃውን በመጥረጊያ ስትገፋ፣ በጎኗ ሻይ የምትሸጠው ማሚት ብርጭቆ እያለቀለቀች ተጣራች።

«እትዬ አጸደ፣ ሰው ሁሉ በስልኩ እያየ አንቺ እስከ መቼ ሳህን ስትገለብጪ ልትኖሪ ነው?»

«አንቺ ብርጭቆ ስትገለብጪ እስከምትኖሪ።»

«የኔስ ይጠጣበታል!»

«የኔንም የሚጠማው አለ፤ አታስቢ።»

ይህን ስትል ነው ሬድዋን የመጣው። ሬድዋን ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቡናና ኮረሪማ ይገዛል፣ ይሸጣል። ጫማውን ጭቃ ሲነካው ወዲያው በሶፍት የሚጠርግ ንጹሕ ሰው ነው። እነዚህን አራት ክፍሎችም ከሁለት ዓመት በፊት የገዛው እሱ ነው፤ ስለዚህ የአጸደም የማሚትም አከራይ ነው። አባቱ ጋሽ ሸምሱ ከሸኮ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለው የቡና መሬታቸው ላይ ካረፉ ወር አልፏል። አጸደም ለቅሶ ደርሳለች፤ የቤቱን ሰው ግን ከሬድዋን በቀር አታውቅም፤ ድንኳን ውስጥ ትንሽ ተቀምጣ፣ አንገቷን ደፍታ ወጥታለች።

«ነፍሳቸውን ይማር፤ እናትህ እንዴት ሆኑ?»

«አልሐምዱሊላህ። እሁድ አርባው ነው፤ ሰደቃ አለን።» ከደረት ኪሱ አንድ ነገር አወጣ። ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ነው፤ አራት አምስት ጊዜ ታጥፎ በክር ታስሯል። ሲፈታው ውስጡ የጣት ጥፍር የምታህል ሜሞሪ አለች። «አባ ሊሞት ሳምንት ሲቀረው ተናግሮ ነበር። እህቴ ሱሀይላ በስልኳ ቀረጸችው። ስልኩ ውኃ ገብቶበት ሞተ፤ የቀረው ይቺ ናት። ሽማግሌዎቹ እሁድ በቲቪ አሳዩን ብለዋል፤ ሲዲ ላይ አድርጊልኝ።»

አጸደ ሜሞሪዋን ከትታ ምስሉን ከፈተች። አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ስልክ ቁሞ የተቀረጸ ስለሆነ ጠባብና ረጅም ነው፤ መሃሉ ላይ አንድ ሽማግሌ ትራስ ደገፍ ብሎ ይታያል። ልታጫውተው ስትል ሬድዋን እጁን ዘረጋ።

«ከሦስተኛው ደቂቃ ጀምሮ እስከ መጨረሻው መንዙማ አስገቢበት። ክፍተት እንዳይኖረው።»

«የሳቸው ድምፅስ?»

«እሱ ይጥፋ። ሲያቃስት ነው የሚሰማው እትዬ፤ እናቴ አትችለውም። ምስሉን አይተን ዱዓ እናደርጋለን። አንቺም አትስሚው፤ በከንቱ ታዝኛለሽ።» ተነሣና ጫማውን አየት አደረገ። «ኪራዩን ዘንድሮ ልጨምር ነበር። ባንቺ ላይ ግን አልጨምርም፤ እናቴ ማለት ነሽ። አሥር ሰዓት ላይ እመጣለሁ።»

እሷም አመሰገነችው። ምን ክፉ ነገር አለው? ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችው ይህንኑ ነው። ሰው ሲናገር ዘፈን ማስገባት የቪዲዮ ቤት ወግ ነው፤ ሳይነገራትም ታደርገዋለች። ሬድዋን በሩ ላይ ቆሞ ስልክ ሲያነሣ ግን አንድ ቃል ሰማች። «አዎ፣ እሁድ ያልቃል። የታችኛውን ሰኞ መጥተህ ትለካለህ» አለና ጃንጥላውን ዘርግቶ ሄደ። ከያዘችው ቪዲዮ ጋር ምንም አላገናኘችውም። የነጋዴ ወሬ ነው ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች።

በስልክ የተቀረጸ ነገር እንዳለ ሲዲ ላይ ቢገለበጥ ዴኩ አይቀበለውም። ወይ ሲዲ የለም ይላል፣ ወይ ድምፁን እያሰማ ምስሉን ያጠቁራል። መጀመሪያ ዴኩ ወደሚያውቀው ዓይነት መለወጥ አለበት፤ ሙያተኞቹ ኮንቨርት ይሉታል። የእሷ ኮምፒውተር ደግሞ እንደ እሷው ስለደከመው፣ አሥራ አንድ ደቂቃዋን ለመለወጥ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈልጋል። የሽማግሌውን ድምፅ አጠፋች፣ መንዙማውን አስገባች፣ ለውጥ አለችው። ከዚያ ከንፈሩ ዝም ብሎ ሲንቀሳቀስ እያየች ተቀመጠች። ሥራው ሰማንያ ከመቶ ሲደርስ መብራት ጠፋ።

መብራት ጠፋ ማለት ሁሉም ከመጀመሪያው ነው። ማሚት ከወዲያ «ኧረ የኛ ነገር!» ስትል፣ አጸደ ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ አጥፋ አንድ ሰዓት ያህል ጨለማ ውስጥ ተቀመጠች። እዚያ ስትቀመጥ ነው ያቺ «አትስሚው» ያላት ነገር የመጣችባት። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ «ይህን አሳምሪው»፣ «ያንን ቁረጪው» ያላት ሰው ብዙ ነው። አትስሚው ያላት ግን አንድም አልነበረም። ለነገሩ መስማቷን ማን አስቦት? መብራቱ ሲመጣ ከመሳቢያው ሥር ያረጀ ማዳመጫ ፈልጋ አቧራውን አራገፈችና ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

መጀመሪያ የሚሰማው ሳል ነው። ከዚያ ሽማግሌው «ይሠራል?» ይላል፤ ከስልኩ ኋላ የሴት ልጅ ድምፅ «ይሠራል አባ፣ ተናገር» ትለዋለች። ጋሽ ሸምሱ ቀስ እያለ ያስቀየማቸውን ሁሉ በስም እየጠራ ይቅር በሉኝ ይላል፤ ለጎረቤቱ በአጥር ነገር፣ ለሚስቱ ጮሆ ስለተናገራት፣ ለአንድ የሞተ ጓደኛው ደግሞ ራሱ ባወቀው ነገር። አላቃሰተም። ትንፋሹ አጭር ነው እንጂ ቃሉ አንድ በአንድ ነው። ሦስት ደቂቃ ሲሆን ትራሱ ላይ ቀና አለ።

«አሁን ይህን ስሙኝ። ከወንዙ በታች ያለው ቡና የሱሀይላ ነው። ዘጠኝ ዓመት ያረመችው እሷ፣ የለቀመችው እሷ፣ እኔንም እንደ ሕፃን ያገላበጠችኝ እሷ። ሬድዋን ልጄ ነው፣ እወደዋለሁ። ሱቅ ሲከፍት የላይኛውን መሬት ሸጬ ሰጥቼዋለሁ፤ ድርሻውን በልቷል። ‹ሴት ናት፣ አግብታ ትሄዳለች› የሚል ቢነሣ፣ አላህ ፊት እይዘዋለሁ።»

«አባ፣ በቃ፣ ደከመህ።»

«አልደከመኝም! ሲደክመኝ እኔው እላለሁ።»

ከዚያም የድንበሩን ዛፎች ቆጠረ፤ ከዋንዛው እስከ ትልቁ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ እስከ ወንዙ። እንደገና ከሥሩ ጀምሮ ደገመው፤ ሰው ሁለት ጊዜ የሚናገረው እንዳይረሳበት ሲፈራ ነው።

አጸደ ማዳመጫውን አወለቀች። «የታችኛውን ሰኞ መጥተህ ትለካለህ።» አሁን ገባት፤ ሊለካ የታሰበው ከወንዙ በታች ያለው ቡና ነው። ሬድዋን እንዴት አድርጎ እንዳሰበውም ገባት፤ እሷም ጨዋታውን እንዳለ ታውቀዋለች፣ የራሷ ሙያ ነውና። ምስሉ ቢቆረጥ ማን ቆረጠው ይባላል። ምስሉ ሞልቶ በላዩ መንዙማ ሲፈስ ግን፣ የነቢዩን ውዳሴ ዝጉ የሚል ሽማግሌ ከየት ይመጣል? ሱሀይላ እንኳ «ድምፁስ?» ብትል፣ «ቪዲዮ ቤቶች መቼም ዘፈን ሳያስገቡ አይሰጡም፤ ሴትዮዋ ናት ያበላሸችው» ይላታል። ይታመናልም፤ የሱሀይላ ምስክርነት ደግሞ ለራሷ ነው ይባላል። የዚያ አገር ሰው ሁሉ ቤት ያለው ሲዲ እንዲያ ነዋ! ያን ጊዜ ዐይኗ እስከ ጣሪያው ወደተደረደረው የሠርግ ሲዲ ሄደ። ስንት አባት እዚያ ውስጥ ልጁን መርቋል? ስንት እናት የልቧን ተናግራለች? አንዳቸውም አይሰሙም። ሁሉንም አፋቸውን የዘጋችው እሷ ናት፤ በክፋት አይደለም፣ ለማሳመር ነው። ይህን እስከዚያ ሐሙስ ድረስ አንድ ቀን አስባው አታውቅም።

በምሳ ሰዓት ማሚት ሻይና ግማሽ ዳቦ ይዛላት ገባች።

«ማሚት፣ ሰው ሥራ ሲሰጥሽ ሥራው ውስጥ በደል ብታገኚበት ምን ታደርጊያለሽ?»

«የማን ሥራ?»

«የሬድዋን።»

ማሚት በሩን አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እንግዲያውስ ጆሮ የለሽም፣ ዐይንም የለሽም። እትዬ፣ እዚህ መንገድ ላይ አሁን አንድ ክፍል ስንት እንደገባ ታውቂያለሽ? አራት ሺህ! እሱም ስድስት ወር በአንዴ ካመጣሽ። ሻይሽን ጠጪ።»

ጠጣች። እውነቷን ነው እኮ፤ ማሚት ክፉ ሰው አይደለችም፣ ሦስት ልጅ ታሳድጋለች። አጸደም ብትሆን ጀግና አይደለችም። ሰው ፊት መቆም፣ መጨቃጨቅ፣ ቤት ፍለጋ መንከራተት አትወድም። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ምን ያደርጋል? መሃል መንገድ ይፈልጋል። ሟቹ ባሏ በላይነህ ድሮ የሚሠራው አንድ ዘዴ ነበር። ሲዲ ላይ ድምፅ በሁለት መንገድ ይሄዳል፣ በግራና በቀኝ። ከዴኩ ኋላ ሦስት ሽቦ ይወጣል፤ ቢጫው የምስል ነው፣ ነጩ የግራው ድምፅ፣ ቀዩ የቀኙ። በሠርግ ወጣቶቹ ዘፈን፣ ሽማግሌዎቹ ምርቃት ስለሚፈልጉ፣ በላይነህ ዘፈኑን በግራ፣ የሰዉን ድምፅ በቀኝ ያደርግና የወደደ የወደደውን ይሰካ ይል ነበር። ኋላ ይህ ሁሉ ልፋት ለምኔ ተባለና ቀረ። የገጠሮቹ ትንንሽ ቲቪዎች ደግሞ የድምፅ ቀዳዳቸው አንድ ነው፤ ሰዉ ነጩን ይሰካል፣ ቀዩን ከኋላ አንጠልጥሎ ይተወዋል።

አጸደ እንደዚያ አደረገች። ከሦስተኛው ደቂቃ ጀምሮ መንዙማውን በግራ፣ ጋሽ ሸምሱን በቀኝ። ሲለወጥ አጠገቡ ተቀምጣ ጠበቀች፤ ሲዲው ሲገለበጥም ጠበቀች። ከዚያ የራሷን ቲቪ ወደ ፊት ስባ፣ ሬድዋን ሲመጣ ነጩ ብቻ እንዲሰማ ቀዩን ሽቦ ነቀለችው። ውሸት አልዋሸሁም አለች ለራሷ። ያለኝን ሠርቻለሁ፣ የሽማግሌውንም ቃል አላጠፋሁም።

ሬድዋን በአሥር ሰዓት መጣ፤ ደቂቃ አላሳለፈም። ሲዲውን አስገብታ አጫወተችለት። ሦስት ደቂቃ ሲሞላ መንዙማው ጀመረ፤ የአባቱ ከንፈር ግን ይንቀሳቀሳል። ሬድዋን ቆሞ ነበር፤ ቆይቶ በርጩማውን ሳበና ተቀመጠ። መጨረሻ ላይ «እንዲህ ከስቶ ነበር እንዴ?» አለ፤ እሷን እየጠየቃት ይሁን ራሱን አልለየላትም። ያን ሳምንት ኮረሪማ ሊገዛ ቴፒ እንደነበር ነገራት፤ ማን ጠየቀው? አጸደ አዘነችለት። አባቱን በሕይወት ሳለ ያላየውን ያህል አሁን እያየው ነበር፣ ያውም ድምፁን አጥፍቶ።

«አይሰማም አይደል?» አላት ድንገት ዞሮ።

«አንተው እየሰማህ ነው።»

«በቃ፣ ሜሞሪዋን አጥፊልኝ። ለስልኬ እፈልጋታለሁ።» አጠፋችለት። «ከኮምፒውተሩም።» ከዚያም አጠፋችው። ትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብሎ ያይ ነበር። «የጠፋው ከሚጠራቀምበት ከቆሻሻ መጣያውም አውጪው።» እሱንም አጠፋችው። ከዚያ በኋላ የጋሽ ሸምሱ ቃል በዚህ ዓለም ላይ ያለው በዚያች አንዲት ሲዲ፣ በዚያችም በቀኝ ጎኗ ብቻ ነበር። ሬድዋን ሁለት መቶውን ብር አስቀምጦ ሲዲዋን በደረት ኪሱ አደረገ። «ነገ ማለዳ አደርስላቸዋለሁ። ብርቱ ሴት ነሽ» ብሏት ወጣ።

መጀመሪያ ቀለላት። አደረግሁት አለች። ብርጭቆዋን አጠበች፣ ጠረጴዛዋን ወለወለች። ከዚያ ቲቪውን ወደ ግድግዳው ልትመልስ ስትል፣ የነቀለችው ቀይ ሽቦ ከኋላ ተንጠልጥሎ አየችው፤ እዚያው ባለችበት ቆመች። በእነዚያ ቤትም እንዲሁ ተንጠልጥሎ ነው ያለው። እሁድ ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ፣ ሬድዋን ነጩን ይሰካል፣ መንዙማው ይፈሳል፣ ሁሉም አሚን ብሎ ይነሣል። ቀዩን ስካ የሚል ማን ነው? በቀዩ ውስጥ ሰው እንዳለ ያወቀ ከእሷ ሌላ ማን አለ? የሽማግሌውን ቃል አዳንኩ ያለችው ለካ ሌላ ጉድጓድ ቆፍራ ነው የቀበረችው፤ ያውም በጥበብ። ሳትናገር ልታልፈው የፈለገችው ነገር፣ ካልተናገረች እንደማይሆን ያን ጊዜ ገባት። ግን ለማን ትናገር? የእህቱን ስልክ አታውቀው፣ ቤታቸውን በጨለማ መንገድ ፈልጋ አትሄድ፤ እውነቱን ብነግራችሁ ደግሞ አለማወቋን እንደ ምክንያት ይዛ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች።

አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ፣ በሯን ልትዘጋ ስትል ስልኳ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው።

«ሄሎ፣ እትዬ አጸደ ነዎት? ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ስልክዎን ከአክስቴ ሠርግ ሲዲ ልባስ ላይ አግኝቼ ነው፤ የምደውለውም በጎረቤት ስልክ ነው። ሱሀይላ እባላለሁ፤ የጋሽ ሸምሱ ልጅ። ወንድሜ ሲዲ ሊያሠራ መጥቶ ነበር?»

«መጥቶ ነበር ልጄ። ወሰደ።»

«እፎይ! አላህ ይስጥልኝ። ድምፁ ወጥቷል? ማለቴ… የኛ ቲቪ ደካማ ነው፣ ሽማግሌዎቹም ጆሯቸው ከብዷል። እናቴ ደግሞ ዐይኗ ታሟል፤ ምስሉ አይታያትም፤ በድምፁ ብቻ ነው የምታውቀው። ከጠዋት ጀምሮ ‹ጠይቂልኝ፣ ጠይቂልኝ› እያለች…»

በወዲያኛው በኩል ዶሮ ይሰማል፣ አንዲት አሮጊትም በስልጥኛ ቀስ ብላ የሆነ ነገር ትላለች። በወዲህኛው በኩል ማሚት ጀበናዋንና ብርጭቆዋን እየሰበሰበች ታፏጫለች። በሩ ላይ ያለው ቁልፍ የሬድዋን ነው፣ ቆርቆሮው የሬድዋን ነው፣ የቆመችበት ሲሚንቶ ሳይቀር።

«እትዬ? ተቋረጠ እንዴ?»

«አልተቋረጠም። ሱሀይላ፣ የቲቪያችሁ የድምፅ ቀዳዳ አንድ ነው አይደል?»

«አንድ ነው።»

«የምትሰኩት ነጩን ነው።»

«አዎ፣ ነጩን።»

«እንግዲህ የምልሽን በደንብ ስሚኝ። እሁድ ሰዉ ሲቀመጥ፣ መንዙማ ሲጀምር ትሰሚያለሽ። ያን ጊዜ ተነሺና ነጩን ንቀዪው። በዚያው ቀዳዳ ቀዩን ሰኪ። በቀዩ በኩል አባትሽ አለ። ያለውን ሁሉ ይላል፣ ዋንዛውንም፣ ድንጋዩንም፣ ወንዙንም። አንድም ቃል አልጎደለም። ሲዲዋ አንድ ብቻ ናት፣ ሌላ ቦታ የለም፤ ነገ ሲያመጣላችሁ ተቀበዪው፤ እስከ እሁድ ከእጅሽ እንዳትወጣ፣ እንዳትጫርም።»

የልጅቷ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው። ሞኝ አይደለችም፤ መንዙማውን ማን እንዳዘዘ፣ ለምን እንዳዘዘ በዚያች ዝምታ ውስጥ አንድ በአንድ ስታገናኘው አጸደ ሰማቻት። ወንድሟ ነው እኮ! ታላቅ ወንድሟ፣ በልጅነቷ ወንዝ ሲያሻግራት የነበረ። እንዲህ ያለውን ነገር በስልክ ማወቅ ምን ይመስላል?

«እሱ… ወንድሜ ያውቃል?» አለች በመጨረሻ።

«ቀዩን አያውቅም። ነጩን ያዘዘኝ እሱ ነው። እኔም ሠርቼለታለሁ፤ ይቅር በይኝ።»

«እርስዎ የሱን ቤት አይደል የተከራዩት?»

«እሱን ለኔ ተዪው።»

ከዚያ ሱሀይላ አላለቀሰችም፣ አላመሰገነችም። ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ በቋንቋቸው ለእናቷ የሆነ ነገር ነገረቻት። አጸደ ቃሉን አላወቀችውም። ግን አሮጊቷ ባሏን በስሙ ስትጠራው ሰማች፤ «ሸምሱ» አለች፣ ከጓዳ እንደሚጠራ ሰው፣ ከዚያም አንድ ጊዜ ደገመችው። መስመሩ ተዘጋ።

አጸደ ወጥታ በሯን ቆለፈች። ማሚት ጀበናዋን በዘንቢል ከታ በሩ ሥር ቆማ ነበር፤ መስማት አለመስማቷ አይታወቅም።

«ማሚት፣ የሚከራይ ክፍል ካየሽ ንገሪኝ።»

«ለማን?»

«ለኔ። ጠባብም ቢሆን ግድ የለም፤ ኮምፒውተሩና ዴኩ ከገቡ ይበቃል።»

ማሚት ዘንቢሏን በአንድ እጇ ያዘችና በሌላው የአጸደን ክንድ ደግፋ፣ ጭቃውን እያሳለፈቻት ወደ ታች ወረዱ።

ልጆቼ፣ እኔ የተማርኩት ትንሽ ነው፤ ምክር ለመስጠትም አይደለም የነገርኳችሁ። አንዲት ነገር ብቻ በአደራ ያዙልኝ። በሠርግም ይሁን በለቅሶ፣ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እናት አፋቸው ሲንቀሳቀስ አይታችሁ ቃላቸው ካልተሰማችሁ፣ ዜማው ደስ ስላላችሁ ብቻ አትለፏቸው። «ምን እያሉ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ስትጠይቁም ያንን ከወንዙ በታች ያለውን ቡናና ያቺን ዘጠኝ ዓመት ያረመችውን ልጅ አስታውሱልኝ።